እህቴ ለኬሌራ የገባችው ቃል

እህቴ ኡናይሲ ወሬኛ አይደለችም። አስቀድሜ ይህን የምናገረው መንደሩ ሌላ ሌላ ስለሚያወራ ነው። ወሬኛስ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሮቲና የተጠበሰ ካሳቫ ስሸጥ የማልሰማው የለም፤ የሰማሁትም ሆዴ ውስጥ አያድርም። እሷ ግን የነገሯትን ውጣ የምትቀር ሰው ናት። እናታችን ስትታመም ሐኪሙ የነገራትን ብቻዋን ይዛ ከርማ፣ እኔ የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። በረዶ የሚሉት ያ ነጭ ዕፅ ከዋና ከተማው ከሱቫ በአውቶቡስ ተሳፍሮ እኛ ድረስ መምጣት ሲጀምር፣ ልጆቹን ስለሱ የሚያስተምር ጠፋ። ወንዶቹ መምህራን የልጆቹ አባቶች ምን ይሉናል እያሉ አንዱ በአንዱ ያሳብባል። ኡናይሲ እሺ አለች። ሱቫ ሄዳ ሠለጠነችና ስትመለስ፣ ወይ ጉድ፣ ትምህርቱ ቲያትር ሆነ! ባርኔጣ ደፍታ፣ መነጽር አድርጋ እሷው ዕፅ ሻጭ ትሆናለች። «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ይቺን ብቻ አድርሺልኝ» ትላለች፣ ልጆቹ ደግሞ እምቢ ማለትን ይለማመዳሉ። እኛ ዘንድ ልጅ ታላቁን እምቢ አይልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አንገታቸውን ሰብረው ይሽኮረመሙ ነበር። እኔም በመስኮት እያየሁ እስቅ ነበር። ሲያልቅ ሁልጊዜ የምትላቸው አንድ ነገር ነው፤ «የከበዳችሁ ነገር ካለ ለኔ ንገሩኝ። ከኔ አይወጣም።»

ኬሌራ አመነቻት። ዝም ያለች፣ ቀጭን ልጅ ናት። አባቷ የካንዳቩ ደሴት ሰው ነው፤ እሷ ግን ከእናቷ ጋር በእናቷ አባት ቤት ነበር የምትኖረው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከክፍል ሳትወጣ ቀረች። አጎቷ ሳኪዩሳ፣ የእናቷ ወንድም፣ ጠዋት ጠዋት ትንንሽ ፌስታል ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ለሚጠብቅ ሰው አድርሺ እያለ እንደሚልካት ነገረቻት። እያለቀሰች የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ መናገሯን አያቷ እንዳያውቁ። ካወቁ ከቤት ያስወጡኛል አለቻት። ኡናይሲም ማንም አያውቅም ብላ ቃል ገባችላት።

ፖሊስ ጋ መሄድ ነበረባት። አሁንማ ሁሉም ብልጥ ሆኖ እንዲያ ይላል። ያን ጊዜ ግን ማናችንም ብንሆን የምናደርገውን ነው ያደረገችው። የመንደር ልጅ ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚሰማው የመንደሩ ሹም ነው። ሹም ዘንድ ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ያንጎና የሚባለውን ተወቅጦ የሚጠጣ ሥር ይዞ ነው። አንድ እስር የያንጎና ሥር ከገበያ ገዝታ ሄደች። ሹሙ እንደ ወጉ አጨብጭበው ተቀበሉ፣ እንዲወቀጥም አዘዙ። የተወቀጠ ያንጎና ለብቻ አይጠጣም። የሙቀጫውን ድምፅ የሰማ ወንድ ሁሉ ከየቤቱ እየወጣ መጥቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ ቅሉም መዞር ጀመረ። ተነስታ መሄድ ነውር ሆነባት። ሹሙ ጉዳይሽ ምንድን ነው ሲሏት ቀረብ ብላ ስለ ሳኪዩሳ ነገረቻቸው። በምን አወቅሽ አሏት። ተማሪዬ ነገረችኝ አለች፣ የተቀመጠው ሁሉ እየሰማ። አለቀ። በሳኪዩሳ ቤት ያለች ተማሪ አንዲት ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ወሬው እሷ ቤቷ ሳትደርስ ደረሰ። ሳኪዩሳ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ ሱቫ ጠፋ፤ ቁጣው በሙሉ የወረደው በልጅቷ ላይ ነው። አጎቷን የሸጠች አሏት። አያቷም በሚቀጥለው መርከብ ካንዳቩ፣ የአባቷ ዘመዶች ጋ እንድትሄድ ወሰኑ። እናቷም እያለቀሰች የልጇን ልብስ አጣጠፈች። ኡናይሲ እህል አልወርድ አላት። እኔ ላጽናናት ብዬ፣ «አንቺ እኮ ልጅቷን ከዕፅ ነው ያወጣሻት» አልኳት።

«ከቤቷ ነው ያወጣኋት» አለችኝ።

ከዚያ የአባታችንን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ካላወጣሁ አለች። ይቅርታ የሚጠየቀው በእሱ ነው፤ ያለን ደግሞ እሱ ብቻ ነበር፣ ለልጄ ሠርግ ያስቀመጥኩት። ተጣላን። ክፉ ተናገርኳት። ኋላ ግን አሳዘነችኝና ይዤላት ሄድኩ። አያትየው ይቅር ካሉ ልጅቷን ያስቀሯት ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ሽማግሌው ጥርሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ቤት የሞላው ሰው አጨበጨበ። ነገሩ ተቀብሯል አሉ፤ እኛም ይቅር ብለናል፣ ልጅቷም ይቅር ብላለች። መሄዷ ግን አይቀርም፣ ሳኪዩሳ ሲመለስ እዚህ ባያገኛት ይሻላል። በኛ ወግ የተቀበረ አይቆፈርም። ምግብ ቀረበ፤ እኔም እፎይ ብዬ ጎደሬዬን መብላት ጀመርኩ።

ኡናይሲ አልበላችም። ልጅ እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ አይቀመጥምና ኬሌራ ጓሮ ድስት ትፈትግ ነበር። እህቴ ተነስታ ወደሷ ወጣች፣ ተከተልኳት። በቤተ ክርስቲያን ቀሚሷ እርጥቡ መሬት ላይ፣ ከልጅቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ትልቅ ሰው! አፍሬ በክንዷ ሳብኳት፣ ንቅንቅ አላለችም።

«ኬሌራ፣ ቃሌን አጥፌብሻለሁ። ይቅር በዪኝ።»

ልጅቷ መፈተጓን አላቆመችም። «አያቴ ይቅር ብላለች ብለው የለ» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔን ማን ጠየቀኝ፣ ቲቸር?»

«አሁን እኔ እየጠየቅኩሽ ነው።»

ኬሌራ ድስቱን አስቀምጣ አየቻት። ክፋት የለባትም፤ ከልቧ እያሰበች ነበር። «አሁን አልችልም» አለች በመጨረሻ። «ለገና ስመጣ ይጠይቁኝ።»

ኡናይሲ ማስተማሩን አልተወችም። ከኔ አይወጣም የምትለውን ግን ተወችው። ለማን እንደምነግር አስቀድሜ ለእናንተው እነግራችኋለሁ ነው የምትላቸው።

ለገና ኬሌራ አልመጣችም። ለሚቀጥለውም። ኡናይሲ ግን የካንዳቩ መርከብ በሚገባበት ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ ሱቫ ወደብ ትሄዳለች፤ አበድሽ ወይ ብላት አትሰማኝም። ባለፈው ገና አብሬያት ሄድኩ። ሰዉ ምንጣፉንና ዶሮውን ተሸክሞ ወረደ፣ ጆንያው ተራገፈ፣ መርከበኞቹም ወረዱ። እንሂድ አልኳት።

«ትንሽ ቆዪ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከባዶው መርከብ ላይ ሳትነቅል።