የጌሜ-ኢዲግና ማሰሮ

የኢዲግና ወንዝ ግድቡን ሰብሮ በገባበት ዓመት ገብሱ ገና አልታጨደም ነበር። ውሃው ማሳውንም ቤቱንም ሰዉንም አንድ ላይ ጠራርጎ ወሰደ። ዓሣ አጥማጁ ኡርሹል ጀልባውን ከቴምር ዛፍ አስሮ ተቀምጦ ሳለ አንድ የሸምበቆ ጣሪያ ተንሳፍፎ ሲያልፍ አየ። ጣሪያው ላይ ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች። የጀልባውን ዘንግ ዘርግቶ ሳባት። የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ወንዙ ስለሰጠው ጌሜ-ኢዲግና፣ የኢዲግና አገልጋይ ብሎ ስም አወጣላት፤ አሳደጋትም።

እኔ አብሬያት አድጌ አብሬያት ያረጀሁ ጎረቤቷ ነኝ።

እኛ ሙታኖቻችንን የምንቀብረው ከቤታችን ወለል ሥር ነው። ከመቃብሩ እስከ ወለሉ የሸክላ ቧንቧ እናቆማለን፤ ጨረቃ በምትጠፋበት ቀን ስማቸውን እየጠራን በዚያ ውሃ እናወርድላቸዋለን። ያልተጠራ ሙት ከታች አቧራ እየበላ ይኖራል።

የጌሜ ወላጆች መቃብር አልነበራቸውም፤ ስማቸውንም አታውቅም። ስለዚህ ከልጅነቷ ጀምሮ ወንዙ ዳር ወርዳ ውሃውን በእፍኟ ትዘግንና እዚያው ትመልሰው ነበር። «ኢዲግና» ብላ ትጠራለች፤ ሌላ የምትጠራው ስም አልነበራትም። እኛ ልጆቹ ወንዝ ውሃ የምታጠጣ ሞኝ እያልን እንስቅባት ነበር። እሷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትሄዳለች።

ጡብ ሠሪውን ሉካላን አገባች። ባዚና አዳጋ የሚባሉ ሁለት ወንዶች ወለደችለት፤ ሁለቱንም በአንድ በጋ ንዳድ ወሰዳቸው። ሉካላም ቆይቶ ተከተላቸው። ሦስቱም ከመኝታዋ አጠገብ፣ ከወለሉ ሥር ናቸው። የቀረችላት አንዲት ሴት ልጅ ኒንዳላ ነች፤ እሷም ወደ ላይኛው አገር ተድራ ሄደች። ባሏ የሚናገረው ሌላ ቋንቋ ነው፤ ወንዙንም ኢዲግላት ይለዋል።

ከዚያ ወንዙ ሄደ። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የቦዩ አፍ በደለል ተደፈነ፤ በዶማና በቅርጫት ጠረግነው፤ እንደገና ተደፈነ። በኋላ ከላይ የመጡ ጀልባ ጎታቾች ወንዙ ዳርቻውን ሰብሮ ወደ ምሥራቅ ሌላ መንገድ እንደያዘ ነገሩን። ማሳችን በጨው ነጣ። የጉድጓዱ ውሃ ከንፈር ይሰነጥቅ ጀመር። ጌሜ ቀምሳ ተፋችው። «ይህን ለባዚ ልሰጠው? በሕይወቱ እንኳ ጨው የበዛበት ሾርባ ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር» አለች። ማሰሮዋን ተሸክማ በአሮጌው የወንዝ መሄጃ ውስጥ የቀረ ኩሬ ፍለጋ መሄድ ጀመረች። ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች።

ሰዎች እየተነሡ ሄዱ። እያንዳንዱ ከመሄዱ በፊት ደጇ ላይ ቆሞ የሙታኑን ስም ይነግራታል፤ ስታልፍ ጠብታ እንድትጥልላቸው ይለምናታል። ማንንም እንቢ አላለችም። ማሰሮው ግን አንድ ነው።

አንድ ቀን ኒንዳላ በአህያ መጣች፤ ሕፃን ልጇን አዝላለች። በመንገዱ ጥም ጡቷ ነጥፎ ነበር። እኔ ከደጁ ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ።

«ልወስድሽ ነው የመጣሁት፣ እማዬ» አለች። «ኢዲግላት ደጃችን ላይ ነው የሚፈሰው። ወላጆችሽን እዚያ ሆነሽ አጠጪ።»

«ኢዲግና ነው።»

«አንድ ወንዝ አይደለም እንዴ?»

«ለአንቺ አንድ ነው። እናቴ ግን በዚያኛው ስም ብጠራት አትሰማኝም። ደግሞስ አባትሽን ለማን ልተወው?»

ኒንዳላ ክርክሩን ትታ ለሕፃኗ ውሃ ጠየቀች። ጌሜ ማሰሮውን አነሣች። ዕለቱ ጨረቃ የምትጠፋበት ነበር። «መጀመሪያ እነሱ» ብላ ተንበረከከችና ሉካላን ጠርታ አፈሰሰች፤ ባዚን ጠርታ አፈሰሰች፤ አዳጋን ጠርታ አፈሰሰች። ሕፃኗ ታለቅሳለች። ለሕፃኗ የደረሳት ከማሰሮው ሥር የቀረው ጭቃ የቀላቀለ ውሃ ነው። ኒንዳላ በመዳፏ አጠጣቻት፤ ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየች።

«ለሞቱት ጥሩ እናት ነሽ» አለች። «የእኔ ጥፋት አለመሞቴ ነው።»

አህያዋን ፈትታ ሄደች። ጌሜ አልተከተለቻትም፤ አልጠራቻትምም። ልጇ ከቴምሮቹ ባሻገር እስክትሰወር ድረስ ባዶውን ማሰሮ ታቅፋ ቆመች። ኒንዳላ ከዚያ ወዲህ ተመልሳ አልመጣችም።

በመጨረሻ የቀረነው እሷና እኔ ነበርን። ልጆቼ ሊወስዱኝ ሲመጡ እኔም እንደሌሎቹ ደጇ ላይ ቆምኩ። ገና አፌን ሳልከፍት፣ «አንተ ሽማግሌ፣ አንተም ልታሸክመኝ ነው አይደል የመጣኸው?» አለችኝ። የሚስቴንና የአባቴን ስም ነገርኳት። ሁለቴ ደገመችው፣ እንዳይጠፋት። አብራን እንድትሄድ ለመንኳት፤ በእንቢታ ራሷን ነቀነቀች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«እናቴ ስም ነበራት፣ የሚያውቀው ሰው ግን ጠፋ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ይህንኑ ነው። ቤቱም፣ ዳቦውም፣ ባሉም ጥሩ ነበር። ትልቁ ነገር ግን ስምህን ጠርቶ አንድ እፍኝ ውሃ የሚያፈስልህ ሰው ማግኘትህ ነው። ለእነዚህ ሁሉ እኔ አለሁላቸው። ለእኔ ማንም አልቀረም። ወንዙ እንኳ አልቀረም።»