ሶስናን ያስጠናኋት የፈረንሳይኛ ዘፈን

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ተቀምጠን፣ የእህቴ ልጅ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። ከሞተ ብዙ ዓመት ስለሆነው ፈረንሳዊ ዘፋኝና ገጣሚ የሚተርክ ቪዲዮ ነው። በሕይወቱ ሳለ አገሩን ሲያስቆጣ ኖሮ፣ የሰደቡት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ ዘፈኖቹን ያዜማሉ። ትርጉሙ ያልገባትን ወጣት ባለጌ ዘፈን እንዳዘፈናትም ተረከ።

"ጂኒየስ ነው አይደል፣ አክስትዬ?" አለችኝ እየሳቀች።

"ጎበዝ ነበር" አልኳት።

ሃያ ዓመቴ ሳለ ከሶስና ጋር አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት እንሠራ ነበር። እኔ ፈረንሳይኛ ከትምህርት ቤት ይዤ መጥቻለሁ፤ እሷ ከነቀምቴ ድምፅ ይዛ መጥታለች። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ብቻዋን የምትዘምረው እሷ ነበረች። እቀናባት ነበር፤ ያኔ ግን ቅናት ብዬ አልጠራሁትም።

ፈረንሳዊው ሥራ አስኪያጃችን ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል፣ የሥራ ባልደረቦቻችን በመሸኛው ምሳ ላይ በቋንቋው እንድትዘፍን ጠየቋት። ዘፈኑን የመረጥኩላት እኔ ነኝ፤ የዚያን የቪዲዮውን ሰውዬ። ሰሙ ስለ አትክልት ቦታ ነው፣ ወርቁ ግን ስለ አልጋ።

መስከረም ነበር። ከሃያ ሁለት ወደ አትላስ፣ ጭቃውን እየሸሸን፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን ቃላቱን አንድ በአንድ አስጠናኋት።

"ምን ማለት ነው ግን?"

"አበባ፣ ዝናብ፣ ቢራቢሮ... ምንም የለውም።"

"እማዬ ብትሰማው አያሳፍርም?"

"ኧረ ምኑ ያሳፍራል!"

እናቷን ጋበዘቻቸው። ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ሶስና ስትጀምር እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው በሙሉ። ደስ ያላቸው መስሏት ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ እሷም ፈገግ አለች። ፈረንሳይ አገር የተማሩ አንድ ሽማግሌ ወደ እናቷ ጎንበስ አሉ።

"እመቤቴ፣ ልጅዎ የምትለውን የምታውቅ አልመሰለኝም" አሉና ትርጉሙን በዝግታ ነገሯቸው።

እናቷ ተነሱ። ዘፈኑ ሳያልቅ እጇን ይዘው አወጧት። ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው።

"ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"አላውቅም ነበር። ቃላቱን እንጂ..."

አመነችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አልዘመረችም። ሰው ሲጠይቃት "ድምፄ ተዘጋ" ትላለች። ስታገባ ሚዜዋ ነበርኩ።

ከቪዲዮው ማግስት ደወልኩላትና ትርጉሙን እያወቅኩ እንዳስጠናኋት ነገርኳት። ከጀርባዋ የልጅ ልጆቿ ይንጫጫሉ።

"ለምንድን ነው አሁን የነገርሽኝ?"

ስለ ቪዲዮው ልነግራት ጀመርኩ።

"እሺ፣ ለልጆቹ ምሳ ላቅርብ" ብላ ዘጋችው።

እንባ ይመጣል ብዬ ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። አልመጣም። ሰው ሲናዘዝ ይቀለዋል ይላሉ፤ እኔን አልቀለለኝም፣ አልከበደኝምም። ያንን ውሸት እንዳይሰማኝ አድርጌ ይህን ያህል ዓመት ስይዘው፣ አብሮት ሌላው ነገር ሁሉ መሰማቱን ያቆመ ይመስለኛል። ሶስና እስካሁን አልደወለችም። እኔም መልሼ ለመደወል እጄ እሺ አላለኝም።