ገበያ ያልኩት ግቪያ ሆነ

እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ውስጥ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያስተማረኝ መንገድ ነው። ቢሆንም የሱቄ ስም ያለበት የራሴ የኢንተርኔት ዶሜይን አለኝ። በሱ ላይ ሁለት የኢሜይል አድራሻ ነበረኝ፤ አንዱ ለቢሮ ጣጣ፣ ሌላው «ገበያ» የሚባል፣ ጎንደር ሆና ጥልፍ ለምትሠራልኝ ሴት ብቻ።

ከሷ ጋር በስልክ መገበያየት ትተናል። አንዴ ወይን ጠጅ ያልኩትን ደማቅ ቀይ አድርጋ ልካልኝ ተጣልተን፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ እንጽፋለን።

ለሠርግ ወቅት ቀሚሶች ዝቅ ያለ ዋጋ ጻፍኩላት። በዚያው ሳምንት የድሮው የኢሜይል ድርጅት ስላማረረኝ ዶሜይኑን ወደ አዲስ አዛወርኩ። የአዲሱ ቴክኒሻን ደውሎ አድራሻዎቹን በዕብራይስጥ ጠየቀኝ።

«የሁለተኛው ስም?»

«ገበያ።»

«ግቪያ?»

ግቪያ በዕብራይስጥ ዕዳ ማስከፈል ነው። ፊቴ አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ትጎትታለች። «በሴዴር፣ በሴዴር» አልኩት። እኛ በሴዴር የምንለው እሺ እንደምንለው ነው፤ ሰምቻለሁ፣ ተወኝ ማለት ነው። እሱ ዘንድ ግን ፊርማ ነው። ስልኬ ላይ ሲጭንልኝም ፊደሉን አላየሁም፤ የላቲን ፊደል ለኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው።

የቢሮው ደብዳቤ እንደ ወትሮው ይገባል። የሷ ብቻ ጠፋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። እኔ ብልጡ ሳቅሁ፤ ዋጋ ልታስጨምረኝ ነው፣ ዝም ያለን በዝምታ ነው የሚያሸንፉት አልኩ። ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ እንደኔ የሚነግድ ይመስለኛል፤ ይኸው ነው በሽታዬ።

በአራተኛው ሳምንት ተሸነፍኩና ደወልኩ።

«እንዴት ነዎት ጋሼ? በሕይወት አሉ እንዴ?»

«ምነው? ምን ሰማሽ?»

«ሦስት ጊዜ ጻፍሁ፣ ሦስቱም ተመልሶ መጣ። ጎረቤቴ አስተማሪ ነው፣ እንግሊዝኛውን አነበበልኝ። እንዲህ ያለ ሰው የለም ይላል አለኝ።»

«ኧረ አለሁ! አድራሻው ተበላሽቶ ነው።»

«ካሉስ ምነው አንዲት ቃል አልጻፉ? ደብዳቤዬ ቢመለስ፣ የርስዎ እጅ አልታሰረ።»

ምን ልበላት? ስደራደርሽ ነበር ልበላት?

«ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

«ባሉት ዋጋ ይሁን ብዬ ነዋ። ብቻዬን ከምለፋ ሥራዬን ሁሉ ለርስዎ ላድርግ ብዬም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ እዚያው እናንተ አገር፣ ነታንያ ለሚነግድ ሌላ የሀበሻ ልብስ ነጋዴ ሰጠሁት። ፈርሜለታለሁ። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሰደበችኝም። እሱ ነው የከነከነኝ።

ቴክኒሻኑ «ግቪያ» ብሎ የከፈተውን አድራሻ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ «ገበያ» አድርጎ አስተካከለው። «በሴዴር ብለኸኝ ነበር እኮ» አለኝ። አልዋሸም።

ባለፈው ሳምንት ልጇን የምትድር እናት መጣች። ያለኝን ሁሉ ዘረጋሁላት። በጣቷ ዳሰሰችና፣ «ይኼ አይደለም ወንድሜ፣ የዚያችን የጎንደሯን እጅ ነው የምፈልገው» አለችኝ። እኔው ሱቄን ቆልፌ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ወስጄ፣ ወደ ነታንያ የሚሄደው የሚነሳበትን መቆሚያ አሳየኋት።