የአባቴ ትንሽ ጣት

ቴሌቪዥን ላይ ማሲንቆ የሚመታ ተዋናይ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ፊቱን ትቶ እጁ ላይ ያርፋል። አብዛኞቹ ያስቁኛል። ደጋኑ ወዲያ፣ ዜማው ወዲህ። አንዳንዱማ እንጨት የሚገዘግዝ ነው የሚመስለው። ባለቤቴ «አንቺ ሴትዮ፣ ፊልሙን እንይበት እንጂ!» ይለኛል። ምን ላድርግ? ያደግሁት ደጋን ላይ የሚታሽ ሙጫ በሚሸትበት ቤት ነው፤ እጅ ሲዋሽ ይታወቀኛል።

አባቴ ደብረ ታቦር ውስጥ አዝማሪ ነበር። አንበሳሜ ገበያ በሉት፣ ገሳይ ሠርግ በሉት፣ የጠሩት ቦታ ሁሉ ይሄዳል። የሚቆጨው አንድ ነገር ነበር፤ እጁን የሚወርስለት ሰው አላገኘም። ወንድ ልጅ አልወለደም። እኔ ማሲንቆውን ነካ ሳደርግ ደግሞ «ተይ ልጄ፣ አንቺ ዝፈኚ» ይለኛል። በእኛ ቤት ሴት ትዘፍናለች እንጂ ደጋን አትይዝም። አልፎ አልፎ መዳፉን ገልበጥ አድርጎ እያየ «ይቺ እጅ እኮ አብራኝ አፈር ልትገባ ነው» ይላል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ በሁዳዴ፣ ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች መጡ። አዝማሪ ሆኖ የሚተውነው ወጣት ማሲንቆ ነክቶ አያውቅም። አባቴን አስተምርልን ብለው ለመኑት። ችግሩ ጾሙ ነው። ከቅበላ እስከ ፋሲካ የእኛ ቤት ማሲንቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ድምፁ አይሰማም። የፊልም ሰዎቹ ደግሞ ፋሲካን የሚጠብቁበት ጊዜ የላቸውም። አባቴ አገጩን ሲያሻሽ ቆየና «የተከለከለው ድምፁ ነው፤ እጅ ምን አጠፋች?» አለ።

ሁለት ደጋኖች ላይ አዲስ የፈረስ ጭራ ወጠረ፤ ሙጫ ግን አላስነካቸውም። ጭራ ሙጫ ካልነካው ይንሸራተታል እንጂ ማሲንቆን አያናግርም። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ በረንዳችን ላይ ስትወጣ አባቴና ተዋናዩ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያለ ድምፅ ይመታሉ። ሽው ሽው ብቻ። ጎረቤቶች በአጥር አሻግረው እያዩ «ምን ነክቷቸው ነው እነዚህ?» ይባባላሉ።

ተዋናዩ ሰው አክባሪ ነበር። «ጋሼ፣ ጆሮዬ ስለማይረዳኝ እርስዎ ያደረጉትን ሁሉ ማድረግ ነው» እያለ ከአባቴ እጅ ላይ ዓይኑን አይነቅልም። የትከሻውን አጣጣል፣ የአንገቱን አዘነባበል አንድ ሳያስቀር ወሰደ። ታዲያ አንድ ጠዋት ልብ ብዬ ሳየው የግራ እጁ ትንሽ ጣት ተገትራ ቆማለች። የአባቴ ትንሽ ጣት እኮ የምትገተረው ልጅ ሳለ በር ተዘግቶባት፣ ከዚያ ወዲህ መታጠፍ ስላልቻለች ነው! ሳቄ አመለጠኝ። እናቴም አይታ ኖሮ አባቴን ጓዳ ጠራችው።

«ኧረ በእመብርሃን ንገረው! ጤነኛውን ልጅ ሽባ አደረግኸው እኮ!»

አባቴ አልሳቀም። «ተይው» አለ ቀስ ብሎ። «ከእኔ ሌላ እንዲህ የሚይዝ አለ? የለም። ይውሰዳት።»

ፊልሙን በጾሙ ቀረጹ፤ ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው የአባቴን ማሲንቆ ድምፅ ቀዱ። ከተማችን ቪዲዮ ቤት ሲታይ አባቴ ጋቢውን ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። ልጁ ማሲንቆውን አንስቶ መምታት ጀመረ። ድምፁ የአባቴ፣ ፊቱ የሌላ ሰው፣ ጣቲቱ ግን እንደተገተረች! ከኋላ አንድ የሰፈራችን ሰው «ኧረ የእሱ ጣት ናት!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ሳቀ፤ ሳቀ ሳቀና በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

እስከ ዛሬ እንደዚያ ልጅ አዝማሪ የመሰለኝ ተዋናይ የለም። ግን አንዲት ዜማ እንኳ አይመታም ነበር። መምሰል ምን ያደርጋል እል ነበር ለራሴ። አባቴ ሲያርፍ እኔ ቤይሩት ሰው ቤት እሠራ ነበርና አልቀበርኩትም። ስመለስ ማሲንቆው ግድግዳው ላይ ነበር። ያቺ እጅ እንደፈራው አፈር ገባች ብዬ አለቀስኩ።

ባለፈው ጥር ገሳይ ሠርግ ተጠራሁ። ዳሱ ውስጥ አንድ ወጣት አዝማሪ ደጋኑን ሙጫ ሲያሽ ሽታው አወደኝና ቀና አልኩ። መምታት ጀመረ። ትንሽ ጣቱ ተገትራለች። 

ዜማውን ሲጨርስ ጠጋ ብዬ «ጣትህን ምን ሆንክ የእኔ ልጅ?» አልኩት።

አጠፋት፣ ዘረጋት። ጤነኛ ናት። «ኧረ ምንም አልሆንኩ እትዬ። የጥንት አዝማሪዎች አያያዝ እኮ ነው፤ ልጅ ሆኜ ፊልም ላይ አይቼ ነው የለመድኩት።»

«አይከብድም?»

«ይከብዳል እንጂ! ግን ያምራል፤ አያምርም?»

«ያምራል» አልኩት። እጁን ሳብ አድርጌ ያቺን ጣት ሳምኳት።