በአንድ ስም የተጻፈ ማሳ

ባለቤቴ ወርቅአገኘሁ ዘርአ ዳዊት የቅርጫ ሥጋ አካፋይ ነበር። ከመዘዞ በታች ባለችው መንደራችን ለትንሣኤ በሬ ሲታረድ መደቡን የሚያስተካክለው እሱ ነው። አጥንቱንም፣ ጮማውንም፣ ሽንፍላውንም እኩል አድርጎ ይደለድላል፤ ዕጣ ሲወጣም የራሱን መጨረሻ ይወስዳል። "ዓይንህ ሚዛን ነው" ሲሉት "ሚዛን አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ስለማይ ነው" ይላል። ንግግሩ አጭር ነበር። ገብስ ያርሳል፣ ጥቂት በጎች ያረባል፣ ክረምት ሲገባ ለጎረቤት ሞፈርና ቀንበር ይጠርባል። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖርን። እግዜር ልጅ አልሰጠንም።

አንዲት እህት አለችው፤ ሥርጉት ትባላለች፤ በሦስት ዓመት ታንሰዋለች። ከባሏ ተፋትታ ከተመለሰች ጀምሮ ቤቷ ከእኛ ቤት ጀርባ ነው። ከአባታቸው የቀረው ሁለት ማሳ ነው። የላይኛውን እኛ እናርሳለን፤ ወንዝ ዳር ያለውን እሷ ታሳርሳለች። አባታቸው በሕይወት ሳለ እንዲህ ከፍሎላቸው ሞተ፤ ከዚያ በኋላ በመሬት ነገር ቃል ሲለዋወጡ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ከእነዋሪ የመጣሁ ነኝና በባሌ አገር ርስት እንዴት ይያዝ እንደነበር ያወቅሁት ካገባሁ በኋላ ነው። ድሮ ታላቅየው አለቃ ይባል ነበር፤ ታናናሾቹ ምንዝር ናቸው። በመንግሥት መዝገብ የሚጻፈው የአለቃው ስም ብቻ ነው። ግብሩን ከሁሉም ሰብስቦ እሱ ያገባል፤ እነሱ በስሙ ሥር የየድርሻቸውን ያርሳሉ። የእሱ ስም ለሁሉም ስለሆነ "የእኔስ የት አለ?" የሚል የለም። ርስት በአዋጅ ከቀረ ቆይቷል፤ ልማዱ ግን ከሰው አልወጣም።

አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ሊሰጥ መሬት በተለካ ጊዜ የቀበሌው ኮሚቴ ገመድ ይዞ መጣ። ወንዝ ዳር የገመዱን ጫፍ ይዛ የቆመችው ሥርጉት ነበረች። ጸሐፊው "ይኼ የማን ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"የወርቅአገኘሁ" አለች። ታላቋ ነው፤ ሌላ ስም ለመጥራት አላሰበችም። እሱም አጠገቧ ቆሞ ዝም አለ። ኋላ ካርታ ያለው ደብተር ሲመጣም ዝርዝሩ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ "ቅሬታ ያለው ይምጣ" ተባለ። ቅሬታ ያለው አልነበረም። ደብተሩ ወጣ፤ ሁለቱም ማሳ በወርቅአገኘሁና በእኔ ስም፣ ፎቶአችን ጎን ለጎን።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ምግብ አልወርድ አለው። ደብረ ብርሃን ወስጄው ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠርቶ እንደማይድን ነገረኝ። እሱም ከፊቴ ተረዳው። ቤት እንደገባን "ደብተሩን አምጪው" አለና ገልጦ ብዙ አየው።

"እኔ ስሞት ይኼ ሁሉ ያንቺ ነው።"

"ምን አጣደፈህ?" አልሁት።

"አንቺም ስትሞቺ ወንድሞችሽ ከእነዋሪ ይመጣሉ። ሥርጉት እዚህ ውስጥ የት አለች?"

በሳምንቱ ሦስታችን ወረዳ ሄድን። የመሬት ባለሙያዋ ፍቅርተማርያም የምትባል ትሑት ልጅ ናት። ነገሩን ጨርሳ ሰማችና "አባባ፣ ይኼ ቀላል ነው፤ በስጦታ ያስተላልፉላቸዋል" ብላ ቅጽ አወጣች።

ሥርጉት ከወንበሯ ተነሣች። "ስጦታ? ማን ለማን?"

"እሳቸው ለእርስዎ፣ እማማ።"

"በል እንግዲህ ጌታው፣ እጅ ልንሳህ!" ብላ ወንድሟን ጎንበስ አለችለት። "የአባቴን መሬት የሚሰጠኝ አባቴ ነው፤ እሱም ሰጥቶኝ ሞቷል።"

"ሥርጉት፣ ወረቀት ነው እኮ" አላት።

"ወረቀት ከሆነ ምን አስለመነህ? ዛሬ ስጦታ ብዬ ብፈርም ሃያ ዓመት ያንተን ሳርስ ኖርሁ ማለት ነው። ምጽዋት ስበላ!"

ልጅቷ ግራ ገባት። በውርስ እንዳይሆን አባትየው ደብተር ሳይመጣ ስለሞቱ በመዝገብ የሉም። ከስጦታ ሌላ ያለው መንገድ አንድ ነው አለችን፤ እማማ ወንድማቸውን በፍርድ ቤት ይከሳሉ፣ አባባ ያምናሉ፣ በውሳኔው ደብተሩ ይታረማል።

"የታመመ ወንድሜን? አገር ምን ይለኛል?" አለችና ጥላን ወጣች።

ከዚያ በኋላ ወር ያህል እኛ ቤት ስትመጣ ስለ መሬት አታነሣም። ገንፎ ታመጣለታለች፣ ሁለት ማንኪያ ይቀምሳል፣ እሷ የቀረውን ይዛ ትሄዳለች። አንድ ቀን እጇን ያዘና "ክሰሺኝ" አላት።

"ተወኝ!"

"አሁን ምን አዲስ ነገር አለው? ልጅ ሆነን ስትከሺኝ አይደል ያደግሽው? በጉን ጣለ፣ ወተቱን ጠጣ እያልሽ ለአባባ ስንቴ አስገረፍሽኝ።"

ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ። "ወተቱን ግን ጠጥተሃል" አለችው።

"ጠጥቻለሁ። ይኼንንም ቶሎ በይ፤ ለማመን በሕይወት መኖር አለብኝ።"

በፍርድ ቤቱ በር የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ክሱን ጽፎ አነበበልን። "ተከሳሽ በታላቅነቱ ተመክቶ የከሳሽን ድርሻ ጠቅልሎ ያለአግባብ በስሙ አስመዝግቦ..." ይላል።

"እኔ እንዲህ አላልሁም!" አለች ሥርጉት።

"እናቴ፣ የምጽፈው ክስ እንጂ ምስጋና አይደለም።"

ወርቅአገኘሁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። "ተይው፣ ይጻፍ። ስሜ መሸከም ያውቅበታል" አለ። ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ቀጠሮው ለሰኔ አሥራ ሁለት ሆነ።

ወርቅአገኘሁ ግንቦት ሃያ ሰባት ቀን አረፈ።

ክሱ አልቆመም። በእሱ ቦታ እኔ ተተካሁ። ከቀጠሮው በፊት አንድ የራሴ ዘመድ እቤት መጥቶ "ዝም በይ፤ ደብተሩ ያንቺ ነው፤ ብቻሽን በአንድ ማሳ ምን ትሆኛለሽ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የላይኛው ማሳ ውርጭ ይመታዋል፤ የወንዝ ዳሩ ግን ለምለም ነው። ምሳ አቅርቤለት ሸኘሁት።

ዳኛው ክሱን አስነብበው "ታምኛለሽ ወይስ ትክጃለሽ?" አሉኝ። "ያለአግባብ" የምትለዋን ቃል ዘለልኋት። "ማሳው የሥርጉት ነው፤ አምናለሁ" አልሁ።

ይኼኔ ሥርጉት ተነሣች። "ጌታዬ፣ አንድ ነገር አለኝ። ወንድሜ አልበደለኝም።"

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። "አልበደለኝም ካሉ በማን ላይ ልፍረድ፣ እናቴ? ክሱ ይቅርልኝ እያሉ ነው?"

ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ክሱን ብትተው ማሳው በእኔ ስም ይቀራል፤ እሱ ደግሞ እስኪሞት የለፋው ለዚህ አልነበረም።

"አይቅር" አለችና ተቀመጠች።

ዳኛው ጻፉ። ተከሳሹ ያለአግባብ አስመዝግቦት የነበረው ማሳ ለከሳሽ ይመለስ ተብሎ ተፈረደ። አሁን የወርቅአገኘሁን ስም በዚያ መዝገብ የሚያነብ ሰው የእህቱን መሬት ወስዶ የተረታ ሰው አድርጎ ያውቀዋል። እዚያ ስለ እሱ ሌላ የተጻፈ የለም።

በኅዳር የሥርጉት ደብተር ወጣ። ፎቶዋ ላይ ተኮሳትራለች። ወስጄ ስሰጣት በራፍ ላይ ቆማ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ ካርታውን አየች፣ አጠፈችና መልሳ ሰጠችኝ።

"አንቺ ጋ ይቀመጥ" አለች። "እኔ ቤት ካደረ ዕለት ዕለት የምከስሰው ይመስለኛል።"

ይዤው ተመለስሁ።