ያላለቀሰችው ብርነሽ

በሰመራው አዳራሽ መግቢያ የተለጠፈው ወረቀት ይዋሻል። «በአዋሽ ሸለቆ ብርነሽን ሆና መጀመሪያ የተጫወተችው ሶስና ናት» ይላል። አይደለችም። ዘይነባ ናት። ልጅ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቴአትሩን እንዳይ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰመራ ድረስ የወሰደችኝ የልጅ ልጄ ናት። ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ ይተኮስ ነበር። የእርጥብ አቡጀዲና የትኩስ ካውያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ዘይነባ ፊቴ ድቅን አለች።

እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው፣ እዚያው አዋሽ የባቡር ጣቢያው ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበረች። የባቡር ሠራተኞች ክበብ ቴአትር ሲለማመድ የተዋንያኑን ልብስ የምትተኩሰውም እሷ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ግን የከሰል ካውያዋን ወዲያ ወዲህ እያለች የብርነሽን ቃል ሁሉ በጆሮዋ ለቅማ ያዘችው።

በቴአትሩ ብርነሽ ወገኗ ለገደለው ሰው በደም ካሣ ለጠላት ቤት የምትዳር ልጅ ናት፤ መጨረሻዋም ወንዝ ውስጥ መስጠም ነው። እሷን የምትጫወተው የጣቢያው ሹም ልጅ ሶስና ነበረች። ቴአትሩ በሚታይበት እሁድ ግን ሶስናን ወባ ጣላት። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ያጉረመርማል። ዘይነባ ካውያዋን አስቀመጠችና «ቃሉን እኔ አውቀዋለሁ፣ ወላሂ!» አለች።

የክበቡ ሊቀ መንበር ሳቀ። «አንሶላ መሰለሽ እንዴ?»

«አንሶላማ ቢሆን አንተን መች ያሳስብህ ነበር? አንተ መተኛቱን እንጂ ማጠቡን አታውቅ!»

ሌላ ሰው ስላልነበረ አስገቧት።

ብርነሽ አባቷ እግር ላይ ወድቃ ማልቀስ አለባት። ልክ እዚያ ሲደርሱ የጭነት ባቡር መጣ። በእኛ ክበብ ባቡር ሲያልፍ ድምፅ ስለማይሰማ ተዋንያን ባሉበት ቀጥ ይላሉ፤ ካለፈ በኋላ ይቀጥላሉ። ዘይነባ ሳትንበረከክ ባቡሩ ደረሰባት። ቆማ አባቷን አየችው። ፉርጎው አያልቅም። ዓይኗን አልነቀለችም። መጀመሪያ አንገቱን የደፋው አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ነው። ባቡሩ ሲያልፍ በቀስታ «አባዬ፣ እኔ ማንን ገደልኩ?» አለችው።

በማግስቱ ካውያዋን እፍ ስትል አግኝቻት «ለምን አላለቀስሽም?» አልኳት።

«ካለቀስሽ ያባብሉሻል እንጂ አይመልሱልሽም» አለችኝ።

የቴአትሩ ፖስተር ግን ቀድሞ ድሬዳዋ ታትሞ በባቡር የመጣ ነው፤ ያለበት የሶስና ስም ነው። ሊቀ መንበሩ «የታተመ አይለወጥም» አለ። ሶስና ድና በሚቀጥሉት እሁዶች ተጫወተች፤ ወድቃ ስታለቅስ ሴቱ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። የሰመራዋም ብርነሽ ድምፅዋ ያማረ ነው፣ ግን እሷም ማይክራፎኑ ላይ አለቀሰች። ሦስት ብርነሽ አይቻለሁ። የጠየቀችው አንዷ ብቻ ናት።

ቴአትሩ ሲያልቅ አዘጋጁን ወጣት ይዤ «በሩ ላይ የለጠፍከው ስም ልክ አይደለም» አልኩት።

«እማማ፣ ያኔ የታተመው ፖስተር እኮ ማስረጃ ነው» አለኝ።

«እኔስ የዓይን ምስክር አይደለሁም? ፖስተሩን የሰጠህ ማነው?»

«ራሳቸው ወይዘሮ ሶስና።»

«ደውልላት።»

«አሁን?»

«እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ደወለ፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ስሜን ነግሬያት «ያን የመጀመሪያውን እሁድ የት ነበርሽ?» አልኳት። ያኔ በክበባችን ባቡሩ እስኪያልፍ እንደሚጠበቀው ጠበቅኳት።

«አልጋ ላይ» አለች በመጨረሻ። «ዘይነባ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ። እኔ ኋላ ያለቀስኩት እንደሷ ቆሜ መጠየቅ ቢያቅተኝ ነው።»