የወንዝ ውኃ ስመረምር የያዘኝ በሽታ

መጀመሪያ ያመመኝ ባቴን ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስወርድ ሁለቱም ባቶቼ እንደተቀጠቀጡ ሆኑብኝ። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታች፣ ወንዙ ዳር የገበያ ሕንፃ ሊሠራ ታስቦ ነበር። ግንባታው ሳይጀመር የውኃውን ጥራት የምንመረምረው እኔና አንጋፋው ባልደረባዬ ጋሼ ተካ ነን። ባቴን ከማመሙ ከሳምንት በፊት ናሙና ስቀዳ ቦት ጫማዬ ውስጥ ውኃ ገብቶ ነበር፤ ተረከዜ ደግሞ ተልጦ ነበር። ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ባቴን ባመመኝ ማግስት ትኩሳት ያዘኝ። ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒት ወሰድኩ። አልተሻለኝም። በአራተኛው ቀን ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ሽንቴ ቀነሰ። ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ሆስፒታል ስገባ ሰው አልለይም ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ባለቤቴ ዳዊት ነው። ዶክተሯ «ሥራዋ ምንድን ነው?» ብትለው «የቢሮ ሠራተኛ ናት» አላት። አልዋሸም። እንዳይጨነቅ ብዬ ወንዝ እንደምገባ ነግሬው አላውቅም። ሊጠይቁኝ የመጡት ጋሼ ተካ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

«የምን ቢሮ? ወንዝ ውስጥ አይደል እንዴ የምንውለው!»

ዶክተሯ ዞር አለች። «ቁስል ነበረባት?»

«ተረከዟ ላይ። ስታነክስ አይቻታለሁ።»

የጠረጠረችው ሌፕቶስፓይሮሲስ ነው፤ የአይጥ ሽንት ከነካው ውኃ በቁስል ገብቶ ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዳ የባክቴሪያ በሽታ። ደሜን ለምርመራ ላከች፤ ውጤቱን ሳትጠብቅ ፔኒሲሊን በደም ሥር ጀመረችልኝ። «እስከ ነገ ሽንት ካልመጣ ደሟን በማሽን የሚያጣራ ዲያሊሲስ ያስፈልጋታል» አለች።

ጠዋት ጥቂት መጣ። ነርሷ የሽንት ከረጢቱን ከፍ አድርጋ ስታሳየው ዳዊት አለቀሰ። በኋላ የደሙም ውጤት ጥርጣሬዋን አረጋገጠ።

ክሪአቲኒን የሚባለው የኩላሊት ልኬት ቀን በቀን እየወረደ፣ ዓይኔም እየጠራ ሄዶ በሁለተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ወጣሁ፤ ዳዊትም ክንዴን ይዞ መጀመሪያ እስከ ደጃፋችን፣ ከወር በኋላ ደግሞ ዳገቱን እያረፍን እስከ ምኒልክ አደባባይ ያራምደኝ ጀመር። ጋሼ ተካ የቀረውን ናሙና ብቻቸውን ቀድተው ሪፖርቱን ቤቴ ድረስ ይዘውልኝ ሲመጡ አንድ አንቀጽ አብረን ጨመርንበት፦ የሕንፃውን መሠረት ለሚቆፍሩ ሁሉ ቦት ጫማና ጓንት ይሰጣቸው፣ ቁስል ያለበት ሰው ውኃው ውስጥ አይግባ። አሠሪዎቹ ተቀበሉት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ኩላሊቴ ደህና ነው። ዶክተሯን፣ ነርሷንና ጋሼ ተካን ዕድሜ ልኬን አመሰግናለሁ። እናንተም ውኃና ጭቃ ውስጥ የምትሠሩ፣ ትኩሳትና የባት ሕመም ሲሰማችሁ ቶሎ ታከሙ፤ የት እንደምትውሉም ለሐኪሙ ተናገሩ። ለቤታችሁ ሰውም አትደብቁ። እናንተ መናገር ሲያቅታችሁ የሚጠየቀው እሱ ነው።